«ምረጥ» ለሚሉህ መልስ፦ ብረቱም የኛ ነው፣ ክሩም የኛ ነው!

ወጣቱ ሆይ! ይሄን ሳታነብ ወደ ታች እንዳትገፋው። ስላንተ ነው የተጻፈው።

ሰሞኑን ሮቤ ውስጥ አንድ ሻይ ቤት በረንዳ ላይ ተቀምጠናል። ጓደኛዬ ከጎባ ቦክስ ጊታሩን አዝሎ መጥቷል። እኔ ብረት አንስቼ መምጣቴ ነው፣ ላቤ ገና አልደረቀም። አጠገባችን የነበሩ አንድ አባት ሁለታችንንም ከላይ እስከ ታች አዩንና «ልጆቼ፣ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ አይወጣም። ወይ ጉልበተኛ ሁኑ፣ ወይ ዘፋኝ ሁኑ። ሥራ ያለው ሰው ቢሆን ደግሞ አንዱንም አይሆንም ነበር» አሉን። በረንዳው በሙሉ ሳቀ። እኛም ለይሉኝታ አብረን ሳቅን።

ለአባታችን ክብር አለኝ፤ እዚያው መልስ አልሰጠኋቸውም። እዚህ ግን እመልሳለሁ። ምክንያቱም ይሄ ንግግር የሳቸው ብቻ አይደለም። በሮቤም በጎባም፣ በአዲስ አበባም በባሕር ዳርም፣ ዲግሪውን ይዞ ቤት የተቀመጠ ወጣት ሁሉ በየቀኑ የሚሰማው ነው።

«ምረጥ» የሚሉህ እነማን ናቸው?

አንደኛዎቹ የራሳችን የጂም ልጆች ናቸው። ጊታር የያዘ ልጅ ሲያዩ «ልፍስፍስ» ይላሉ። መስታወት ፊት ክንዳቸውን ሲለኩ ይውላሉ፣ ፎቶ ይለጥፋሉ። ያ ክንድ ለምን እንደሚውል ስትጠይቃቸው ግን ዝም ነው።

ሁለተኛዎቹ የሙዚቃ ልጆች ናቸው። «ብረት ካነሳህ ጣትህ ይደርቃል፣ ፍጥነትህ ይሞታል» ይሉሃል። አብዛኞቹ ብረት ነክተው አያውቁም። ሁለት ሰዓት ጊታር ላይ ጎብጠው ከተቀመጡ በኋላ ወገባቸውን ይዘው የሚነሱት ግን እነሱው ናቸው።

ሦስተኛዎቹ ይከፋሉ። እነዚህ «ምረጥ» ሲሉህ አንዱን እንድትይዝ አይደለም፤ ሁለቱንም እንድትጥል ነው። በነሱ ቤት ሥራ የሌለው ወጣት ጤናም፣ ጥበብም፣ ደስታም አይገባውም። ማስታወቂያ ሰሌዳ ለሰሌዳ መዞር፣ ከዚያ ቤት ገብቶ ማፈር፣ በቃ። አንድ ነገር ልብ በል፦ ያው ልጅ ቀኑን ሙሉ ጫት ሲቅም ቢውል «ምን ያድርግ፣ ሥራ የለው» ይባልለታል። የሚሳቅበት ጊታር አዝሎ የወጣ ቀን ነው! እንዴ! ራሱን የሚጥለው ታዝኖለት ራሱን የሚያነሳው የሚሳቅበት ከሆነ፣ ችግሩ ያለው ከሚስቁት ዘንድ ነው።

አባቶቻችን መርጠው ነበር እንዴ?

ሁላችንም ቤት ከሚታወቀው ልጀምር። ዳዊት ጎልያድን በወንጭፍ የጣለ ነው። ያው ዳዊት በገና እየደረደረ ሳኦልን ያረጋጋ ነው። በቁርዓንም ነብዩ ዳውድ ጃሉትን የገደለ፣ ተራሮችና ወፎች አብረውት ያወደሱ፣ ብረት የለሰለሰለት ነው። ብረትና ዜማ በአንድ ሰው እጅ! ከቤተ ክርስቲያን ብትመጣም ከመስጊድ ብትመጣም ይሄን ታሪክ ታውቀዋለህ።

ወደ አገራችን እንምጣ። በኦሮሞ ባህል ጌራርሳ የሚለው ማነው? ጀብዱ የሠራው ሰው ራሱ፣ አዳኙ፣ ጦረኛው ነው። በሽለላና በፉከራም ያው ነው፤ ቃሉ የሚወጣው ጦር ከሚነቀንቀው ሰው አፍ ነው። አዝማሪውም ማሲንቆውን ይዞ ከሠራዊቱ ጋር ይዘምት ነበር።

ወደ ቅርቡ ደግሞ እንምጣ። የዘመናዊ ሙዚቃችን ታላላቅ ስሞች ከየት ወጡ? ከክቡር ዘበኛ፣ ከጦር ሠራዊት፣ ከፖሊስ ኦርኬስትራ! ከወታደር ቤት ማለት ነው። ጥላሁን ገሠሠ ስሙ የገነነው በክቡር ዘበኛ ነው። ማህሙድ አህመድም እዚያ ዘፍኗል። ዓሊ ቢራ፣ ጥቅምት 27 ቀን 2015 ዓ.ም. በሞት የተለየን፣ ኡድም ጊታርም ይጫወት የነበረው ሰው፣ ከድሬዳዋ አፍረን ቀሎ ተነስቶ ክቡር ዘበኛ ባንድ ገብቷል። እነዚህ ሰዎች ዳምቤል ያነሱ ነበር እያልኩ አይደለም። የምለው ይሄ ነው፦ ያ ዘመን የጉልበት ቤትና የዜማ ቤት በአንድ አጥር ውስጥ ቢኖሩ አላፈረበትም። አንድ አዛዥ ተነስቶ «ወታደር ወይ ይተኩሳል ወይ ይዘፍናል፣ ምረጡ» ብሎ በሩን ዘግቶት ቢሆን፣ ዛሬ በየሰርጉ የምንሰማው ስንቱ ዘፈን በቀረ ነበር?

ከውጭም ማየት ይቻላል። የድሪም ቲያትሩ ጆን ፔትሩቺ በዓለም ላይ ፈጣን ከሚባሉት የጊታር ጣቶች የአንዱ ባለቤት ነው፤ ብረት በማንሳትም የታወቀ ነው። የብላክ ሳባቱ ቶኒ አዮሚ ደግሞ በ17 ዓመቱ በርሚንግሃም ውስጥ ብረታ ብረት ፋብሪካ ይሠራ ነበር። በሥራው የመጨረሻ ቀን ማሽን የሁለት ጣቶቹን ጫፍ ቆረጠው። ሰውየው ፕላስቲክ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠራላቸው፣ በቀጫጭን ክር መጫወት ቀጠለ፣ ሄቪ ሜታል የሚባለውን ሙዚቃ ከጀመሩት አንዱ ሆነ። ብረት ጣቱን የወሰደበት ሰው ጊታሩን ካልጣለ፣ አንተ ብረት በማንሳትህ ጊታርህን የምትጥለው በምን ሒሳብ ነው?

ሰውነት ምን ይላል?

አሁን ወሬውን ትተን ሥራው እንዴት እንደሆነ እንይ። ጣትህን የሚያጥፉት ዋናዎቹ ጡንቻዎች ጣትህ ውስጥ አይደሉም። ከክርንህ በታች፣ ክንድህ ውስጥ ናቸው። ጅማቶቻቸው በእጅ አንጓ ላይ ባለ ጠባብ መተላለፊያ አልፈው ጣት ይደርሳሉ፤ በዚያው መተላለፊያ አንድ ትልቅ ነርቭ አብሮ ያልፋል። የብረቱን ዘንግ ስትጨብጥ የሚሠራው ይሄ ነው። ኤፍ ኮርድ ይዘህ በአንድ ጣት ስድስቱን ክር ስትጫን የሚሠራውም ይሄው ነው። ሁለቱም ከአንድ ጎተራ ነው የሚበሉት!

የሙዚቃ ልጆች «ጣት ይደርቃል» የሚሉት ከዚህ የመጣ ነው። ከባድ ዴድሊፍት ወይ ብዙ ፑል አፕ ከሠራህ በኋላ ለተወሰኑ ሰዓታት ክንድህ ይዝላል፣ ጣትህ አይታዘዝም። ይሄ እውነት ነው፣ አልክድም። ግን ድካም ነው፤ ይለቃል። ስለዚህ ጥያቄው ብረት ወይስ ጊታር አይደለም። ጥያቄው ከጎተራው መጀመሪያ ማን ያውጣ ነው።

የጂም ልጆችም ስሙ። የብረት ክር ያለው ቦክስ ጊታር በትክክል ሲቃኝ ስድስቱ ክሮች ተደምረው ወደ 70 ኪሎ ገደማ ይስባሉ። ያቺ ቀጭን እንጨት ቀንና ሌሊት ይሄን ተሸክማ ነው የምትዘፍነው። ክሩን አላላው፣ ክብደቱ ይጠፋል፤ ድምፁም አብሮ ይጠፋል። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር የሚባለውን ማየት የፈለገ ጊታር ይመልከት። «ልፍስፍስ» የምትሉት ዕቃ እናንተን የሚያህል ሸክም ተሸክሟል።

የኔው ጥፋት

እኔ ይሄን የተማርኩት ተዋርጄ ነው። በሲቪል ምህንድስና ተመርቄያለሁ፤ ከተመረቅኩ ሦስት ዓመት ሆነኝ። በዲግሪዬ እስካሁን ያፈሰስኩት ኮንክሪት የራሴን ዳምቤል ብቻ ነው። (ሳቅ፣ እኔም እስቅበታለሁ።) አንድ ቀን ጓደኛዬ ጎባ ውስጥ የዘመድ ሰርግ ላይ አብሬው እንድጫወት ጠራኝ። ከዚያ በፊት የነበረውን ቀን ማረፍ ሲገባኝ እልህ ይዞኝ ከዚህ በፊት አንስቼ የማላውቀውን ክብደት ከመሬት አነሳሁ። ፎቶም ተነሳሁ።

በማግስቱ ሰርጉ ላይ ኤፍ ኮርድ ላይ ስደርስ ጣቴ አልጨብጥ አለ። ክሩ ተንጫረረ። ደግሜ ሞከርኩ፣ ያው። ጓደኛዬ ብቻውን ጨረሰው። አንዱ ከኋላ «ያ ሁሉ ጡንቻ ለምንድነው ታዲያ?» ሲል ሰማሁት። ከሮቤ ጎባ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዚያን ቀን ማታ ግን ባጃጁ የማይደርስ መሰለኝ።

ሳምንት ሳይሞላ አንጓዬን አመመኝ። ተናድጄ ጊታሩን ሰቀልኩት፣ ብረቱን ቀጠልኩ። ሦስት ወር! ሦስት ወር ሙሉ እነዚያን «ምረጥ» ባዮች ሰማኋቸው ማለት ነው። ያተረፍኩትን ልንገርህ? ክንዴ ትንሽ ወፈረ፣ ማታ ማታ ግን ግድግዳው ላይ የተሰቀለውን ማየት እያቃተኝ ፊቴን አዙሬ እተኛ ነበር። መምረጥ ማለት ለኔ ይሄ ነው የሆነው።

እንግዲህ ሥርዓቱ ይኸውና

በኔ ላይ የሠራውን ነው የምጽፈው። ገንዘብ አይጠይቅም፣ ሥርዓት ይጠይቃል።

1ኛ፦ ጣት ይቅደም። ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ክንድህ ገና ሳይደክም ጊታርህን ያዝ። 40 ደቂቃ ይበቃል። ብረቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ይጠብቅህ። ሁለቱን ከማቀራረብ ሌላ ኃጢአት የለም።

2ኛ፦ ቀን ለይ። ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ ብረት። ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ቅዳሜ ረጅሙ የጊታር ልምምድ። እሑድ ለሁለቱም ዕረፍት። ሰርግ ወይ ዝግጅት ካለህ፣ ከዚያ በፊት ባሉት ሁለት ቀናት ከባድ ነገር አትሳብ። ከኔ ተማር።

3ኛ፦ እጅህን አሙቅ። እኛ ያለነው ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ነው፤ ጎባ ደግሞ ከዚያም ትበልጣለች። የኅዳርና የታኅሣሥ ውርጭ የቀዘቀዘ ጣት አይምርም። የሻይ ብርጭቆ ያዝ፣ እጅህን ብብትህ ውስጥ አስገባ፣ ከዚያ ቀስ ያለ ስኬል ጀምር። ትዝታን በቀስታ ውጣ ውረድ። ብረት ጋም እንደዚሁ፤ መጀመሪያ ባዶውን ዘንግ።

4ኛ፦ የገፋኸውን ያህል ሳብ። ጊታር ትከሻን ወደ ፊት ያጎብጣል። ቤንችና ፑሽ አፕ ብቻ ከሠራህ ደግሞ ጉብጠቱን ታብሰዋለህ። ጎንበስ ብለህ ክብደት ወደ ሆድህ ሳብ፣ ጀርባህን አጠንክር። ወገብህ ሲቀና ሁለት ሰዓት ያለ ሕመም ትቀመጣለህ።

5ኛ፦ መዝጋት ብቻ ሳይሆን መክፈትም ተለማመድ። ዘንግም ክርም እጅን ያዘጋሉ። የብስክሌት የውስጥ ጎማ በቀጭኑ ቁረጥና ጣቶችህ ዙሪያ አስገብተህ ወደ ውጭ ክፈት። 20 ጊዜ፣ ሦስት ዙር። ዋጋው ዜሮ ነው።

6ኛ፦ ሁለቱን መጅ ለይተህ ያዝ። የብረቱ መጅ መዳፍህ ላይ ነው፤ ሲበዛ ይቀደዳልና ሞርደው። ዘንጉን ከመዳፍህ መሐል ሳይሆን ከጣትህ ሥር ያዘው። የክሩ መጅ ግራ እጅህ ጣት ጫፍ ላይ ነው፤ እሱን እንዳትነካው! በስንት ሳምንት ሕመም ያገኘኸው ሀብት ነው። ልብስ አጥበህ እጅህ ውኃ ጠጥቶ እያለም ክር አትንካ።

7ኛ፦ ድካምና ጉዳት ለይ። ክንድህ ቢዝል ድካም ነው። አውራ ጣት፣ ሌባ ጣትና የመሐል ጣት ከደነዘዙ፣ ሌሊት ከእንቅልፍ የሚቀሰቅስ መውጋት ካለ፣ አንጓህ ላይ ያለው ነርቭ ተጨንቋል ማለት ሊሆን ይችላል። ያኔ ጀግንነት የለም፤ ሁለቱንም አቁምና ባለሙያ ዘንድ ሂድ። ጡንቻ ቶሎ ይጠነክራል፣ ጅማት ግን ዘግይቶ ነው የሚከተለው። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ ይሄዳል የተባለው ለጅማት ነው እላለሁ።

«ጂም መክፈያ የለኝም» ለምትለው፦ ኮንክሪት በሊትር ወደ 2.4 ኪሎ ይመዝናል። ባለ 5 ሊትር የዘይት ጀሪካን ሞልተህ ብታደርቀው 12 ኪሎ ገደማ ነው። ሁለቱን በቧንቧ ብረት ጫፍና ጫፍ አድርግ፣ 24 ኪሎ ያዝክ። «የፕሮቲን ዱቄት የለኝም» ለምትለው ደግሞ፦ በባሌ እየኖርክ ይሄን ስትል አታፍርም? 100 ግራም ደረቅ ባቄላ ውስጥ 25 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለ። ወተቱ አለ፣ ጭኮው አለ፣ በሶው አለ። ማስታወቂያ ላይ ያየኸውን ጣሳ እርሳው።

ጊታር ላይ ግን እውነቱን እንናገር፣ እሱ ይከብዳል። ክር ሲበጠስ ከ400 ኪሎ ሜትር በላይ ርቆ ከአዲስ አበባ የሚመጣ ሰው የምንጠብቅበት ጊዜ አለ። ለዚህ መፍትሔው መካፈል ነው። እኛ ሦስት ልጆች በአንድ ጊታር ነው የምንማረው። እኔ የሠራሁትን ዳምቤል ጓደኛዬ ያነሳል፣ የሱን ጊታር እኔ እጫወታለሁ። ብረቱ ሮቤ፣ ክሩ ጎባ። ጎባ የድሮ ዋና ከተማ፣ ሮቤ የዛሬ ዋና ከተማ እያሉ የሚከራከሩ አሉ፤ እኛ መንገዱን ይዘን ሁለቱንም ጋ ደርሰናል።

እህቴ፣ አንቺንም ነው

እስካሁን «አንተ» እያልኩ ጻፍኩ እንጂ ይሄ ሳቅ በእጥፍ የሚያርፈው አንቺ ላይ ነው። ብረት ስታነሺ «ወንዳ ወንድ»፣ ጊታር ስትይዢ ደግሞ ሌላ ስም። የክንድሽና የጣትሽ ጡንቻ አሠራሩ ከኛ አይለይም፤ ከላይ የጻፍኩት ሥርዓት ቃል ሳይቀየር ላንቺም ይሠራል። ወንድሞች ደግሞ፣ እህታችን ብረት ልታነሳ ስትመጣ ማፍጠጡን ትተን ቦታ እንልቀቅ። ስለ ክብር እያወራን ይሄን ካልቻልን ዝም ማለት ይሻለናል።

ለመሆኑ ለምን ይሄን ያህል እሟገታለሁ?

ሥራ ያጣ ሰው መጀመሪያ የሚያጣው ቀኑን ነው። እኔ ያለሁበትን ልንገርህ። ከተመረቅኩ በኋላ ባለው ሁለተኛው ዓመት ሰኞና ሐሙስ አንድ ሆኑብኝ። ረፋድ 5 ሰዓት ላይ እነሳለሁ፣ ስልክ አያለሁ፣ ይመሻል። እናቴ «ዛሬ ምን ዋልክ?» ብላ መጠየቅ አቆመች። መልሱን ስለምታውቅ ሳይሆን እንዳላፍር ብላ ነው። ከስድቡ ሁሉ ያ ዝምታዋ ነው የጎዳኝ።

ብረቱ ሰኞን ሰኞ አደረገልኝ። ክሩ ማክሰኞን ማክሰኞ አደረገልኝ። ባለፈው ወር 40 ኪሎ ከነበረ ዛሬ 45 ነው። ባለፈው ወር የማይያዝ ኮርድ ዛሬ ተያዘ። ማንም ባለሥልጣን ያልፈረመበት፣ ማንም ዘመድ ያላስገባኝ፣ ማንም የማይወስድብኝ ዕድገት ይሄ ብቻ ነው። አሁን እናቴ ማታ ስትጠይቀኝ «ዛሬማ ያንን ያቃተኝን ያዝኩት» እላታለሁ። ምን እንደያዝኩ በደንብ አይገባትም፤ ግን ትጠይቀኛለች!

እንዳትሳሳት። ብረትና ጊታር ሥራ አይተኩም። ሥራ የማግኘት መብታችንን መጠየቅ አናቆምም፣ «ራሳቸውን አስደስተዋል» ብሎ የሚያልፈንንም አንለቅም። ግን ያንን ጥያቄ የሚጠይቅ ትውልድ ወገቡ የቀና፣ ልቡ ያልሞተ መሆን አለበት። ማን ያውቃል፣ እንጀራም ሊሆን ይችላል። የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በመስከረም 2016 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል። ሳነቴ ላይ 4,000 ሜትር ከፍታ ሸክም ይዞ የሚሄድ ጉልበት፣ ማታ ዲንሾ እሳት ዳር እንግዳ የሚያጫውት ጣት አንድ ቀን አብረው ሊፈለጉ ይችላሉ። ያ ቀን ሲመጣ ተዘጋጅተህ ይጠብቅህ፤ ባይመጣም አንተ አልጠፋህም።

አባታችንን ደግሞ በአንድ ነገር ልመርቃቸው። ተረቱ ልክ ነው፦ ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ በአንዴ አይወጣም። እኔም ሰርጉ ላይ የወደቅኩት በአንዴ ልወጣ ስል ነው። ጠዋት አንዱን፣ ከሰዓት ሌላውን እንዳልወጣ ግን ማንም አልተረተብኝም!

ነገ ጠዋት ስትነሳ ስልኩን ሳይሆን ጊታሩን አንሳ። ከቀኑ 10 ሰዓት ብረቱ ጋ እንገናኝ። ጊታር ያለው ለሌለው ያካፍል፣ ብረት ያለው ቦታ ይልቀቅ። የሚስቀው ይሳቅ። ይሄን ጽሑፍ ግን ጊታሩን ለሰቀለ አንድ ጓደኛህ ላክለት፤ ዛሬ ማታ ያውርደው።

ሥራ ፈላጊ ተመራቂ፣ ከሮቤ